የማን ነው? ወይስ የምን ነው? «የ»ን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ዝርዝር መመሪያ

«የአልማዝ ሲኒ»፣ «የቡና ሲኒ»፣ «የሲኒው ጠርዝ»። በአማርኛ ሦስቱንም አንዲት «የ» ትሸከማቸዋለች። እንግሊዝኛ ግን በሦስት መንገድ ይላቸዋል። የአልማዝ የሆነው «አልማዝ’ስ ካፕ» ነው። የቡናው «ኮፊ ካፕ» ነው፤ ምንም ጭራ (’ስ) የለውም። ጠርዙ ደግሞ «ዘ ሪም ኦፍ ዘ ካፕ» ይባላል።

እንግሊዝኛ በደንብ የሚናገሩ ሰዎች እንኳ እዚህች ላይ ይሰናከላሉ። ብዙዎቻችን ልጅ ሆነን «አፖስትሮፍ ኤስ ማለት የ ማለት ነው» ተብለን ነው የተማርነው። ስለዚህ «የ» በመጣች ቁጥር አፖስትሮፍ እንለጥፋለን። ሌሎቻችን ደግሞ መሳሳት ፈርተን ጭራሽ እንተወዋለን። ለጓደኞቼና ለዘመዶቼ ብዙ ሲቪና የሥራ ማመልከቻ አይቻለሁ። ቋንቋው ጥሩ ሆኖ በዚህች ነገር ብቻ የሚጎረብጥ ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ ያሳዝነኛል። ምክንያቱም በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚስተካከል ነገር ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማስታወሻ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ። ይቺ ምልክት (’) ያለችበት ቦታ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ አፖስትሮፏ የምትቀመጥበት ቦታ ነው። ሲነበብ አንዳንዴ «ስ»፣ አንዳንዴ «ዝ»፣ አንዳንዴም «ኢዝ» ይሆናል። እኔ ግን እንዳያደናግር ሁሌም «’ስ» እያልኩ እሄዳለሁ።

ደረጃ 1፦ አማርኛውን ጠይቁት

መልሱ ያለው እዚሁ አማርኛችን ውስጥ ነው። «የ» ያለበት ሐረግ ሲያጋጥማችሁ ቶሎ ብላችሁ አትተርጉሙ። መጀመሪያ በአማርኛ ጥያቄ አቅርቡለት። «የማን?» ብላችሁ ስትጠይቁ ነው የሚመልሰው? ወይስ «የምን?» ስትሉት?

«የወንድሜ ቁልፍ ጠፋ» በሉ። የማን ቁልፍ? የወንድሜ። ባለቤት አለው። ስለዚህ «ማይ ብራዘር’ስ ኪ» ይሆናል። አሁን ደግሞ «የመኪና ቁልፍ ጠፋ» በሉ። የማን ቁልፍ ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ አያስኬድም። የምን ቁልፍ? የመኪና። መኪና እዚህ የቁልፉን ዓይነት ነው የሚነግረን። ስለዚህ ሁለቱ ስሞች ዝም ብለው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ «ካር ኪ»።

ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡም አትደንግጡ። «የወንድሜ የመኪና ቁልፍ» ውስጥ አንድ «የማን» እና አንድ «የምን» አለ። የምን ቁልፍ? የመኪና። የማን? የወንድሜ። «ማይ ብራዘር’ስ ካር ኪ» ብላችሁ ትጨርሳላችሁ።

የሚያጠራጥር ነገር ካጋጠማችሁ ሁለተኛ መፈተኛ አለ። በመጀመሪያው ስም ጫፍ ላይ ያለችውን «ው» ወይም «ዋ» ፈልጉ። «የውሻ ምግብ» ስንል ለውሻ የሚሆን ምግብ ማለታችን ነው። የትኛውም ውሻ ይሁን። «ዶግ ፉድ» ነው። «የውሻው ምግብ» ስንል ግን አንድ የምናውቀው ውሻ አለ፤ ምግቡ የሱ ነው። «ዘ ዶግ’ስ ፉድ» ይሆናል። አማርኛ ይህን ልዩነት በአንዲት «ው» ይሠራዋል። እንግሊዝኛ በአፖስትሮፍ ይሠራዋል።

«የተማሪ መታወቂያ» እና «የተማሪዋ መታወቂያ»ም እንደዚያው ናቸው። የመጀመሪያው «ስቱደንት አይዲ» ነው፤ የመታወቂያ ዓይነት። ሁለተኛው «ዘ ስቱደንት’ስ አይዲ» ነው። የሷ፣ የዚያች ልጅ።

ደረጃ 2፦ «የማን» ከሆነ አፖስትሮፏን ቦታዋ ላይ አስቀምጡ

ባለቤት ሊሆን የሚችለው ማነው? ሰው፣ እንስሳ፣ ከዚያም እንደ ሰው የምናስባቸው ነገሮች፤ ድርጅት፣ መንግሥት፣ አገር፣ ከተማ። «ኢትዮጵያ’ስ ካፒታል» ማለት ትክክል ነው። «ዘ ካምፓኒ’ስ ፖሊሲ»ም ትክክል ነው።

የቦታዋ ሕግ አጭር ነው። ባለቤቱን መጀመሪያ ሙሉውን ጻፉት። ከዚያ ጫፉን እዩ። በብዙ ቁጥር ኤስ የሚያልቅ ከሆነ አፖስትሮፍ ብቻ ጨምሩ። ካልሆነ አፖስትሮፍና ኤስ። አንዲት ልጅ ከሆነች «ዘ ገርል’ስ ሩም»፣ ብዙ ልጆች ከሆኑ «ዘ ገርልስ’ ሩም»። ሲነገሩ ልዩነት የላቸውም፤ ልዩነቱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ያለ ኤስ ብዙ የሚሆኑት፣ እንደ «ቺልድረን»፣ «ዊሚን» እና «ፒፕል»፣ እንደ ነጠላ ይቆጠራሉ፤ «ቺልድረን’ስ»፣ «ዊሚን’ስ»፣ «ፒፕል’ስ»።

ምልክቷ የመጣችው ከመጣል ነው። ጥንታዊው እንግሊዝኛ ባለቤትነትን በብዙ ስሞች ላይ «ኢኤስ» በሚል ጭራ ያሳይ ነበር። በኋላ «ኢ»ዋ ከአነጋገር ወጣች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ አታሚዎች የመጣችው አፖስትሮፍ የወጣችውን ፊደል ቦታ ትጠብቅ ጀመር። ስለዚህ አፖስትሮፍ ብዙ ቁጥር ለመሥራት አትሆንም። «ሁለት ሲዲዎች» ለማለት «ቱ ሲዲ’ስ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። ብዙ የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ታዩታላችሁ። እንግሊዞቹም ራሳቸው ይሳሳቱታል፤ «የአትክልት ነጋዴ አፖስትሮፍ» ብለው ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ባለቤቶቹ ሁለት ሲሆኑስ? ንብረቱ የጋራ ከሆነ ጭራዋ የመጨረሻው ላይ ብቻ ናት። «ከበደ ኤንድ አልማዝ’ስ ሃውስ» ማለት አብረው የሚኖሩበት አንድ ቤት ነው። ለየብቻ ቤት ካላቸው ሁለቱም ጭራ ያገኛሉ፤ «ከበደ’ስ ኤንድ አልማዝ’ስ ሃውሲስ»።

ደረጃ 3፦ «የምን» ከሆነ ስሞቹን አሰልፉ

እዚህ ጋ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። አማርኛም ይህንኑ ያደርጋል። ሻይ ቤት፣ ጫማ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ዶሮ ወጥ። «የ» የት አለች? የለችም። ሁለት ስሞች ተሰለፉ፤ የመጀመሪያው የሁለተኛውን ዓይነት ነገረን። እንግሊዝኛ ጥምር ስም የሚሠራው ልክ በዚህ መንገድ ነው። «የ»ን መጣል የምንችልበት ቦታ ላይ እንግሊዝኛውም በአብዛኛው ጭራ አይፈልግም።

ቅደም ተከተሉም ያው ነው። ዋናው ስም መጨረሻ ላይ ይቆማል። ትምህርት ቤት ቤት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። «ሚልክ ቸኮሌት» ቸኮሌት ነው። «ቸኮሌት ሚልክ» ግን ወተት ነው። ቦታ ብትቀያይሩ ሌላ ዕቃ ነው የምታገኙት። ጥንቃቄ የሚፈልገው ከግዕዝ በወረስናቸው ጥምር ቃላት ላይ ነው። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሊቀ መንበር፤ እነዚህ ዋናውን ስም ያስቀድማሉ። በነሱ ተመርታችሁ እንግሊዝኛውን አታሰልፉ። በሻይ ቤት ተመሩ።

ሁለተኛው ሕግ፦ የመጀመሪያው ስም ነጠላ ሆኖ ይቆማል፤ ነገሩ ብዙ ቢሆንም። የጥርስ ብሩሽ ስንት ጥርስ ነው የሚያጸዳው? ግን «ቱዝብራሽ» ነው፤ በነጠላው። የጫማ ሱቅ ውስጥ ሺህ ጫማ ቢኖርም «ሹ ሾፕ» ነው። እዚህም አማርኛችን ያግዛችኋል። እኛም «የጥርሶች ብሩሽ» አንልም።

ከዚህ ሕግ የወጡ ጥቂት ቃላት አሉ፤ በቃል መያዝ ነው የሚሻለው። «ስፖርትስ ባግ»፣ «ክሎዝስ ሾፕ»፣ «ሴልስ ማናጀር»፣ «ከስተምስ ኦፊሰር» (የጉምሩክ ሠራተኛ)፣ በአሜሪካ ባንክ የቁጠባ ሂሳብ ስትከፍቱ ደግሞ «ሴቪንግስ አካውንት»። ኤስ ቢኖራቸውም አፖስትሮፍ የላቸውም።

ነገሩ የተሠራበት ቁስም እዚህ ይገባል። የወርቅ ቀለበት «ጎልድ ሪንግ» ነው፣ የብረት በር «አይረን ጌት»። ወርቅ የምንም ነገር ባለቤት አይሆንም። የታወቁ የዕቃ ክፍሎችም እንደዚሁ ናቸው፤ «ካር ዶር»፣ «ቴብል ሌግ»፣ «ኪችን ዊንዶው»። በአማርኛ «የመኪናው በር» ብትሉም እንግሊዝኛው «ዘ ካር ዶር» ማለትን ይወዳል። ሕይወት ያለው ሲሆን ግን ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። የድመቷ ጭራ «ዘ ካት’ስ ቴይል» ነው።

ጥምር ስሙ ተጋጥሞ ይጻፋል፣ ተለያይቶ ወይስ በሰረዝ? «ቱዝብራሽ» ይጋጠማል፣ «ሹ ሾፕ» ይለያያል። ሕግ አትፈልጉለት፤ መዝገበ ቃላት ተመልከቱ።

አንድ ነገር ግን ከልብ ልለምናችሁ፤ በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በኤንጂኦ ሪፖርት የምትጽፉትን። ስም በስም ላይ አትከምሩ። «ፋርመር ፈርቲላይዘር ዲስትሪቢውሽን ሞኒተሪንግ ኮሚቴ» የሚል ነገር ሰዋስዉ ቢፈቅደውም አንባቢ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሦስት ስም ከደረሰ ቆም በሉ። ከመጨረሻው ጀምራችሁ ፍቱት፤ «ዘ ኮሚቴ ዛት ሞኒተርስ ፈርቲላይዘር ዲስትሪቢውሽን ቱ ፋርመርስ»፤ ለገበሬዎች የሚደረገውን የማዳበሪያ ስርጭት የሚከታተለው ኮሚቴ። ረዘመ፤ ግን ተነበበ።

ደረጃ 4፦ «ዘ» እና «ኤ» የማን እንደሆኑ ለዩ

ይህ ደረጃ ብቻውን ከግማሽ በላይ ስህተታችሁን ይነቅላል ብዬ አምናለሁ።

የባለቤት ስም ከፊት ካለ «ዘ» የባለቤቱ ናት። «ዘ ዶክተር’ስ ካር» ስንል «ዘ» ያለችው ለዶክተሩ ነው። ባለቤቱ የተጸውዖ ስም ከሆነ ደግሞ እንደ ልማዱ «ዘ» አይወስድም። ስለዚህ «ዘ አበበ’ስ ሃውስ» አይባልም። «ዘ አዲስ አበባ’ስ ሮድስ»ም አይባልም። አበበና አዲስ አበባ ለብቻቸው ሲቆሙ «ዘ» የላቸውማ።

ጭራዋን ጥላችሁ ጥምር ስም ስታደርጉት ግን «ዘ» ወደ ዋናው ስም ትዞራለች። ኳስ የምታዩ ሰዎች ይህን በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ። ተንታኙ «አርሰናል’ስ ካፒቴን» ሲል «ዘ» የለም። «ዘ አርሰናል ካፒቴን» ሲል ግን «ዘ» አለች፤ የካፒቴኑ ናት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ትክክል ያልሆነው ሁለቱን ያቀላቀለው «ዘ አርሰናል’ስ ካፒቴን» ነው። የአሜሪካ ዜናም እንደዚያው ነው፤ «ኦባማ’ስ አድሚኒስትሬሽን» ወይም «ዘ ኦባማ አድሚኒስትሬሽን»።

ደረጃ 5፦ «የምን» ሆኖ ጭራ የሚይዘውን ተጠንቀቁ

እስካሁን ቀላል ነበር። አሁን የሚያስቸግረው መጣ።

«የሴቶች ጫማ» በሉ። የምን ጫማ ነው? ዓይነቱን ነው የሚናገረው። የትኛዋም ሴት ባለቤቱ አይደለችም፤ ገና ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። በደረጃ 3 ከሄድን «ውማን ሹዝ» ልንል ነው። ግን አይባልም። «ዊሚን’ስ ሹዝ» ነው። እንግሊዝኛ ለሰዎች ተብሎ የተዘጋጀን ነገር ብዙ ጊዜ በጭራ ነው የሚለው። «ቺልድረን’ስ ሆስፒታል»፣ «ቺልድረን’ስ ቡክ»፣ «ሜን’ስ ሩም»። አሜሪካ ያላችሁ ሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለውን ካሳ «ወርከርስ’ ኮምፐንሴሽን» ስትሉት ይኸው ሕግ ነው።

እነዚህ ላይ የ«ዘ» እና የ«ኤ» ነገር ይገለበጣል። «ኤ ቺልድረን’ስ ቡክ» ተመልከቱ። «ኤ» ነጠላ ናት፣ «ቺልድረን» ብዙ ነው፤ እንዴት ተገናኙ? አልተገናኙም። «ኤ» የመጽሐፉ ናት። አንድ የልጆች መጽሐፍ። እንዲህ ዓይነቱን ሐረግ እንደ አንድ ቃል ዋጡት።

ሲቪያችሁን አሁኑኑ ክፈቱና ዲግሪያችሁ የተጻፈበትን መስመር እዩ። «ባችለር ዲግሪ» ወይም «ማስተርስ ዲግሪ» ያለ አፖስትሮፍ ከተጻፈ አስተካክሉት። ሲነገር እንደዚያ እንላለን፤ ሲጻፍ ግን «ባችለር’ስ ዲግሪ» እና «ማስተር’ስ ዲግሪ» ነው። ባችለርም ማስተርም የሰው ማዕረግ ነበሩ፤ ዲግሪው የባለ ማዕረጉ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ግን «አሶሺየት ዲግሪ» ተብሎ ያለ ጭራ መጻፉ የተለመደ ነው። የዲግሪውን ሙሉ መጠሪያ ስትጽፉ ደግሞ ጭራዋ ትወድቃለች፤ «ባችለር ኦፍ ሳይንስ» ይባላል።

መንጃ ፈቃድም እንደየአገሩ ነው። አሜሪካኖች «ድራይቨር’ስ ላይሰንስ» ይሉታል፤ የሹፌሩ ፈቃድ። እንግሊዝ አገር «ድራይቪንግ ላይሰንስ» ነው፤ የመንዳት ፈቃድ። ያላችሁበትን አገር ተከተሉ።

ስለ እንስሳት አንድ ጠቃሚ ልማድ አለ። እንስሳው በሕይወት እያለ የሚሰጠው ነገር ጭራ ይይዛል፤ «ካው’ስ ሚልክ» የላም ወተት ነው። ታርዶ የሚገኘው ግን ያለ ጭራ ይሰለፋል፤ የዶሮ ሾርባ «ቺክን ሱፕ»፣ የዓሣ ሾርባ «ፊሽ ሱፕ»። አሜሪካኖች የፍየል አይብን «ጎት ቺዝ»፣ እንግሊዞች «ጎት’ስ ቺዝ» ስለሚሉት ልማዱ ሁሉም ቦታ እኩል አይጠብቅም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ያደርሳችኋል።

ደረጃ 6፦ «ኦፍ» የሚያስፈልግበትን እወቁ

«ኦፍ» በሦስት ቦታ ታድናችኋለች።

አንደኛው፣ ሕይወት የሌለው ነገር ጫፍ፣ ላይ፣ ታች፣ መጀመሪያና መጨረሻ ነው። የመንገዱ መጨረሻ «ዚ ኤንድ ኦፍ ዘ ስትሪት» ነው። የገጹ ግርጌ «ዘ ቦተም ኦፍ ዘ ፔጅ»። «ፔጅ’ስ ቦተም» የሚል ጽሑፍ ወዲያው ይታወቃል፤ የተተረጎመ ነው።

ሁለተኛው፣ ባለቤቱ ረጅም ሲሆን። «ትናንት ባንክ ቤት ያገኘሁት ሰውዬ ስም» ለማለት «ዘ ኔም ኦፍ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ሰውዬውን ከኋላ በሰፊው ትገልጹታላችሁ። እንዲህ ያለ ረጅም ሐረግ ጫፍ ላይ ጭራ አይሰካም።

ሦስተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ወደ ሲኒያችን ይመልሰናል። «የቡና ሲኒ» እና «አንድ ሲኒ ቡና» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዕቃ ነው፤ ባዶም ሊሆን ይችላል። «ኤ ኮፊ ካፕ»። ሁለተኛው የሚጠጣው ነው፤ «ኤ ካፕ ኦፍ ኮፊ»። የወይን ብርጭቆ «ዋይን ግላስ» ነው፣ አንድ ብርጭቆ ወይን «ኤ ግላስ ኦፍ ዋይን»። አማርኛው ቅደም ተከተሉን ሲገለብጥ እንግሊዝኛውም ይገለበጣል። ሬስቶራንት ገብታችሁ «ኤ ኮፊ ካፕ» ብታዝዙ ባዶ ሲኒ ነው የጠየቃችሁት።

ደረጃ 7፦ ጊዜ ሲሆን

ጊዜ ሕይወት የለውም፤ ግን ጭራ ይይዛል። የትናንት ጋዜጣ «የስተርደይ’ስ ኒውስፔፐር» ነው። የአንድ ቀን ሥራ «ኤ ደይ’ስ ወርክ»። አሜሪካ ያለ ሰው ሥራ ሲለቅ በልማድ የሚሰጠው የሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ «ቱ ዊክስ’ ኖቲስ» ነው። ሳምንቱ ሁለት ስለሆነ አፖስትሮፏ ከኤስ በኋላ ናት። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ስትጽፉ ይህን አስተውሉ።

ሌላም መንገድ አለ። ቁጥሩንና ጊዜውን በሰረዝ አጋጥማችሁ እንደ ቅጽል ታቆሙታላችሁ። ያኔ ጊዜው ነጠላ ይሆናል፤ «ኤ ቱ-ዊክ ሆሊደይ»። የ10 ደቂቃ የእግር መንገድም በሁለቱም ይሄዳል፤ «ቴን ሚኒትስ’ ዎክ» ወይም «ኤ ቴን-ሚኒት ዎክ»። ሁለቱን አታደባልቁ። ከፊት «ኤ» ካለችና ሰረዝ ካስገባችሁ ኤሷ ትጣል።

ደረጃ 8፦ የተጸውዖ ስም ላይ አትፍረዱ፤ ተመልከቱ

የቦታ፣ የድርጅትና የበዓል ስም ላይ ሕግ አይሠራም። ባለቤቱ እንደጻፈው ነው የሚጻፈው።

የኒውካስል የእግር ኳስ ክለብ ሜዳ «ሴንት ጄምስ’ ፓርክ» ነው፤ አፖስትሮፍ ብቻ። ለንደን ያለው የባቡር ጣቢያ ደግሞ «ሴንት ጄምስ’ስ ፓርክ» ነው፤ አፖስትሮፍና ኤስ። ስሙ ያው ነው። እዚያው ለንደን ፒካዲሊ በሚባለው የባቡር መስመር ስትሄዱ «ኧርል’ስ ኮርት» እና «ባሮንስ ኮርት» ተከታትለው ይመጣሉ። የመጀመሪያው አፖስትሮፍ አለው፣ ሁለተኛው የለውም። ዋተርስቶንስ የተባለው የመጻሕፍት መደብር በ2012 አፖስትሮፏን ከስሙ ላይ አወጣት። ማክዶናልድስ ግን እስካሁን ይዟታል።

አሜሪካ ውስጥ የቦታ ስሞችን የሚወስነው የፌዴራል ቦርድ በ1890 ከተቋቋመ ጀምሮ በቦታ ስም ላይ የባለቤትነት አፖስትሮፍን አይወድም። በኮሎራዶ ያለው ተራራ «ፓይክስ ፒክ» ተብሎ ያለ ምልክት የሚጻፈው ለዚህ ነው። «ማርታ’ስ ቪንያርድ» የምትባለው ደሴት ከተፈቀደላቸው ጥቂቶች አንዷ ናት።

አዲስ አበባም ይህ አለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በእንግሊዝኛ «ሴንት ጆርጅ’ስ ካቴድራል» ነው፤ ቢራው ግን «ሴንት ጆርጅ ቢር» ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል «ሴንት ፖል’ስ» ሲባል ምኒልክ ሆስፒታል ጭራ የለውም። በማስታወሻነት የተሰጠ ስም ብዙ ጊዜ ያለ ጭራ ይሰለፋል፤ ሆስፒታሉ የምኒልክ ንብረት ነው ማለት አይደለምና። ቅዱሳን ግን ከድሮ ጀምሮ ጭራ የመያዝ ልማድ አላቸው።

ከበዓላት የእናቶች ቀንን ታሪክ ላንሳ። እኛ «የእናቶች ቀን» እንላለን፤ ብዙ ቁጥር። እንግሊዝኛው ግን «ማዘር’ስ ደይ» ነው፤ ነጠላ። በዓሉን በአሜሪካ ያስጀመረችው አና ጃርቪስ ናት። አፖስትሮፏ ከኤስ በፊት እንድትሆን አጥብቃ ይዛ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን አንዲት እናት የሚያከብርበት እንዲሆን ነው የፈለገችው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በ1914 ብሔራዊ ቀን ብሎ ሲያውጀው በዚያው ቀረ። ማርች 8 ግን ለሴቶች ሁሉ ነውና «ዊሚን’ስ ደይ» ነው።

ደረጃ 9፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ጥምር ስም ሲነገር ብዙ ጊዜ ድምፁ የሚጠነክረው የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። «ኢንግሊሽ ቲቸር» በሉ። «ኢንግሊሽ» ላይ ብታጠብቁ የእንግሊዝኛ መምህር ማለት ነው። «ቲቸር» ላይ ብታጠብቁ ግን መምህሩ ራሱ እንግሊዛዊ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ የቋንቋ መምህራን ራሳችሁን ስታስተዋውቁ መጀመሪያው ላይ ጫን በሉ።

አሁን አብረን እንሥራ

ከቢሮ ኢሜይል እንጀምር። «ሪፖርቱን ለክፍል ኃላፊው ረዳት ሰጥቻለሁ።» የማን ረዳት? የኃላፊው። የምን ኃላፊ? የክፍል። የምኑን መጀመሪያ አሰልፉ፤ «ዲፓርትመንት ሄድ»። ከዚያ ጭራዋን ጫፉ ላይ፤ «ዘ ዲፓርትመንት ሄድ’ስ አሲስታንት»። ጭራዋ የገባችው መሃል ላይ አይደለም፤ ጥምር ስሙ እንደ አንድ ሰው ተቆጥሮ ጫፉ ላይ ነው የያዛት።

ቅጽ ስትሞሉ፦ «የእናት ስም» እና «የልደት የምስክር ወረቀት»። እናት ሰው ናት፤ ስሙ የሷ ነው፤ «ማዘር’ስ ኔም»። ልደት የወረቀቱ ባለቤት አይሆንም፤ የምን ምስክር ወረቀት ነው? የልደት። «በርዝ ሰርቲፊኬት»።

ከባዱን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ ወላጆች አንድ ቀን ይህን መጻፍ ያስፈልጋችኋል፤ «የልጄ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ስም»። ከኋላ እንፍታው። የማን ስም? የሹፌሩ። የምን ሹፌር? የአውቶቡስ። የምን አውቶቡስ? የትምህርት ቤት። የማን? የልጄ። መጀመሪያ የምኖቹን አሰልፉ፤ «ስኩል ባስ ድራይቨር»። ከዚያ ልጃችሁን ከፊት አምጡ፤ «ማይ ቻይልድ’ስ ስኩል ባስ ድራይቨር»። አሁን ስሙ ቀረ። ሌላ ጭራ ጨምሮ «ድራይቨር’ስ ኔም» ማለት ይቻላል፤ ስህተት አይደለም። ግን ረዘመ፤ ሁለት ጭራም ሆነ። ደረጃ 6ን አስታውሱና «ኦፍ»ን ጥሩ፤ «ዘ ኔም ኦፍ ማይ ቻይልድ’ስ ስኩል ባስ ድራይቨር»።